ለእንግዳ የተነሱት አቶ ዲበኩሉ ምንዳዬ

ከጎሬም ከቡሬም ከኖፓም፣ በአውቶቡስም በእግርም የመጣችሁ ለቀስተኞች ሆይ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። አስከሬናቸው ከዚህ ድንኳን ሳይወጣ የኖሩትን ኑሮ በጥቂቱ እንዳነብላችሁ ታዝዣለሁ። አንባቢዋ የአባታቸው እኅት፣ የቡሬዋ ሻሽቱ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ከቆጠርኳት ፊደል በላይ የተማርኩት የለም፤ የጻፍኩትንም ልጃቸው ሄርሜላ ፊደሉን አቃናችልኝ እንጂ ነገሩን አልነካችም። ስለዚህ ሳቄ ቢያመልጠኝ ታገሡኝ፤ ቁጣዬም ቢያመልጠኝ ታገሡኝ። አንተ እያልኩ፣ አፍንጫቸውን እየጠረግኩ ያሳደግኳቸውን ሰው ዛሬ አንቱ ብዬ አነብባለሁ፤ የሞት ወግ ነውና።

ሳልጀምር አንድ ነገር ላስቀድም። እዚያ በሩ ላይ፣ ከአጥሩ ቋሚ አጠገብ፣ ዲሪቤ የምትባል ልጅ ቆማለች። የአምቡላንስ ነርስ ናት፤ ሥራውን በእጃቸው ያስተማሯት ሟች ናቸው። ከትናንት ወዲህ ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ «ጥላቸው የሄደች እሷ ናት፣ ድንኳኑን አትረግጥም» ብለው ከልክለዋት፣ አትገባም አትሄድም፣ እዚያው ቆማለች። ትግባ ወይስ ትሂድ የሚለውን ይህ ጽሑፍ ካለቀ በኋላ እንቆርጣለን ብዬ ሽማግሌዎቹን ለምኜ አስቁሜያለሁ። እስከዚያ ማንም ክፉ ቃል እንዳይወረውርባት።

አቶ ዲበኩሉ ከአባታቸው ከአቶ ምንዳዬ ሙሉብርሃንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘውደነሽ በላቸው፣ በ1973 ዓ.ም. ከሶር ፏፏቴ በላይ ባለው መንደር፣ አባቴ ከሰሜን መጥተው በሰፈሩበት የቡና ማሳ ውስጥ ተወለዱ። ሲወለዱ ራሳቸው ትልቅ፣ እግራቸው ቀጭን ስለነበር፣ ጎረቤታችን አዴ ሊቺ አቅፈዋቸው ሲያበቁ «ይሄ ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ወደ ሰው እንደተደፋ ይኖራል» ብለው ሳቁብን። እኛም ሳቅን። ትንቢት መሆኑን ማን አወቀ! በልጅነታቸው ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካዩ በሩጫ ወጥተው የተሸከመውን ይቀበላሉ፤ ሌባ ቢመጣም ጆንያውን ይይዙለት ነበር እያልን እናሾፍባቸው ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ክልል የሚባለው በመጣ ማግስት፣ ክረምቱ በከበደበት ወራት፣ እናታቸው ደረታቸውን ታመሙ። ወንዶቹ ተሰብስበው «ሆስፒታል ትሂድ» አሉና በቃሬዛ አስረው፣ ያንን ጭቃ፣ ያንን ዳገት፣ ዝናቡ ከላይ እያወረደባቸው ወደ መቱ ይዘዋቸው ወጡ። ዘውዴ መኪና መንገድ ሳይደርሱ በቃሬዛው ላይ አረፉ። ከቀብር በኋላ አንድ የጤና ሠራተኛ መጥቶ «በዚያ ዝናብ ከምታወጧት መድኃኒቱን ይዤላት ብመጣ፣ እሳት ዳር ተኝታ በዳነች ነበር» ብሎ ነገረን። ልጁ ዲበኩሉ ይህን ሰምተው ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው እየዞሩ «ትሂድ ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ወደ ሌላው አመለከተ፣ ያም ወደዚያኛው። ሁሉም ብሎ ነበር፤ ማንም ግን እኔ ነኝ አላለም። ያ ጥያቄ በሆዳቸው ቀረ። እኔ ስለ ነገሩ ሳስብ፣ ኋላ የገቡበት ሥራ የተቆረጠላቸው ያን ዕለት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ወደ ቡሬ መጥተው ትምህርታቸውን ጀመሩ። ትምህርቱ በኦሮምኛ ሆኖ ስለነበር፣ አማርኛውን ከእኔ፣ ኦሮምኛውን ከትምህርት ቤት፣ ስድቡን ከገበያ ተማሩ፤ ሦስቱንም አሳመሩ። ዐሥራ ሁለተኛን እንደጨረሱ ነርስነት ተምረው በዲፕሎማ ተመረቁና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት አገለገሉ። ኋላም አምቡላንስ ለየአካባቢው ሲታደል፣ እዚህ መቱ ላይ ለምትሠራው መኪና ነርስ ሆነው ተመደቡ። የመጀመሪያ ዕለት ያችን መኪና እያስጮኹ በቡሬ ሲያልፉ፣ እኔ ምስኪኗ ልጄን ታሞ ጫኑብኝ ብዬ ነጠላዬን አውልቄ እሪ ብዬ ወጣሁ። ለካ ከፊት ተቀምጠው ጥርሳቸውን ገልጠው እጃቸውን ያውለበልባሉ! መንደሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። እኔ ግን በልቤ ነገሥታቱ እንኳ እንዲህ አልሄዱም አልኩ።

በዚያው ዘመን ከወይዘሮ ቦጋለች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሄርሜላንና መሲን ወለዱ። በሠርጋቸው ቀን ሳይቀር ስልካቸው ጠርቶ፣ ሙሽራው ሚዜውን በወንበራቸው አስቀምጠው ሊሄዱ ሲነሱ፣ ቦጋለች በቬሎዋ እጃቸውን ይዛ «ዛሬ በሽተኛዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ዘንድ ቆይ» አለቻቸው። ቆዩ። ያቺን ቀን ብቻ ነው የቆዩት ትላለች እሷ።

የሥራቸውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ሟቹን አልተናገርኩም። ሰው አምቡላንስ ሲጠራ፣ መኪናው መጥቶ ጭኖ ይሄዳል፣ ሌላ ሥራ የለውም ይመስለዋል። እሳቸው ግን ትልቁ ሥራ ከመጫኑ በፊት ነው ይሉ ነበር፤ ይህ ሰው መሄድ አለበት ወይስ ቤቱ ቢቆይ ይሻለዋል የሚለውን መፍረድ። ሁሉን ከጫንክ መኪናዋ ለአጣዳፊው አትደርስም፤ የኛ መንገድ ደግሞ፣ ክረምት የሆነ እንደሆን፣ ደህናውንም በሽተኛ አድርጎ ያወርዳል። ካልጫንክም የተውከው ሰው ከኋላህ ይሞታል። ሄዶም ይሞታል፣ ቀርቶም ይሞታል፤ እናታቸውን በቃሬዛ ያዩ ሰው ይህን አይረሱም።

ቤት ሲገቡ በሽተኛን «እንደምን ነህ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «እሱ ሰላምታ ነው፣ መልሱንም ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን እኮ ነው! አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ አንዱ «ነጋ፣ ገለታ ዋቃ» ይላል፤ አንዱም «አልሀምዱሊላህ» ይላል፤ ነፍሱ ልትወጣ ደጃፍ ላይ ቆማ እንኳ። «የኢሉባቦር ሰው በሦስት ቋንቋ ነው የሚዋሸኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ስለዚህ ደህንነቱን ትተው፣ ማታ ምን እንደበላ፣ ውሃ ሲጠጣ ይቀመጥለት እንደሆነ፣ ጓሮ ደርሶ ሲመለስ ማን እንደደገፈው ይጠይቁ ነበር። ይህንንም በሽተኛውን ወይም የቤቱን ትልቅ ሰው አይጠይቁም። «ትልቁ ሰው የሚያውቀው ክብሩን ነው፤ ሳፋውን የሚደፋው ሰው ነው በሽታውን የሚያውቅ» ይሉና በጓዳ በኩል ዞረው ሳፋ የምትደፋዋን ሴት ፈልገው ያነጋግራሉ።

ሁለተኛው ሕጋቸው ደግሞ ይህ ነው። በኛ አገር እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው የለም፤ የታመመም ቢሆን ከመደቡ ከፍ ይልና «ኖር!» ይላል። እሳቸው ይህን መነሣት ከጤና አይቆጥሩትም ነበር። «ለእኔ የተነሣልኝን አልቆጥርለትም፤ ለራሱ ሲነሣ ልየው» ይሉ ነበር። ይህንን ሕግ ከየት አመጡት ብትሉ፣ ካቀፏቸው ከአዴ ሊቺ ነው። እኒያ ሴት ሸምግለው በታመሙ ጊዜ ልጆቻቸው አምቡላንስ ጠሩ። ሟች ሲገቡ አዴ ሊቺ ብድግ ብለው «ኮቱ፣ ታኢ!» ብለው አስቀመጧቸው፤ ቆሎ አስመጡ፤ የልጅነታቸውን ነገር እያነሡ አሳቋቸው፤ ልጆቹም ተያይተው «በከንቱ አደከምንህ» አሉ። ሟች ተሰናብተው ወጡ፤ መኪና ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ግን አንድ ነገር ከነከናቸውና ሳይጠሩ በጓሮ በር ተመለሱ። አዴ ሊቺ ያ ሁሉ ሳቅ ከፊታቸው ጠፍቶ፣ የቆሎውን ሳህን ከጭናቸው ለማንሣት እጃቸው እምቢ ብሏቸው ተደግፈው ቀርተዋል። ወዲያው ጭነዋቸው መጡ፣ ዳኑም። በሁለተኛው ዓመት ነው በሌላ በሽታ ያረፉት። አልጋቸው ላይ ሆነው «እንግዳ ሆኖ ወጣ፣ ሌባ ሆኖ ተመልሶ አገኘኝ» እያሉ ለጠያቂው ሁሉ ያወሩ ነበር።

ማስቀረትንም ያውቁበት ነበር። ጋሼ ሀምዱ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፤ በፊታቸው ልንገርባቸው። አንድ የዒድ ማግስት ጋሼ ሀምዱ በሱቃቸው ውስጥ «ደረቴን! ሞትኩ!» ብለው ገበያውን አሸበሩ። ሟች ደርሰው የልብ ምታቸውን ሰሙ፣ ላብ እንዳለባቸው ዳሰሱ፣ ከሱቁ እስከ ጓሮ አስኬዷቸው፣ ከዚያም ወደ ጓዳ ዞረው ሚስታቸውን «ትናንት ምን በሉ?» ብለው ጠየቁ። ሚስትየው መዘርዘር ጀምራ ሳትጨርስ፣ ጋሼ ሀምዱ ነገሩ ገብቷቸው «እንዴ፣ እኔ የሞትኩ ቀን ነው የምትወስደኝ?» ብለው ቢቆጡ፣ «የሞቱ ዕለትማ ጀማው በትከሻው ይወስድዎታል፣ የኔ መኪና ምን ቤት ናት?» አሏቸው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ነገር ግን ስቀው አልሄዱም። «ካላባቸው፣ ወደ ክንዳቸው ከወጋቸው፣ ያኔውኑ ደውሉ» ብለው ለሚስትየው ደጋግመው ነገሩ፤ ቀትር ላይ ደወሉ፤ ሲመሽ በእግራቸው መጥተው አዩ። «ማስቀረት ማለት መተው አይደለም» ይሉ ነበር። ጋሼ ሀምዱ፣ እንባዎን ይጥረጉ፤ ሳቁ የእርስዎ ነው።

በሽታው ቀላል ሆኖ ሳለ የጫኑትም አለ። ኖፓ ብቻውን የሚኖር አንድ አናጢ ትኩሳት ይዞት ሲያገኙት፣ ሌላ ነርስ ቢሆን ክኒን ሰጥቶት ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን፣ የጠፋውን ምድጃ፣ ባዶውን የውሃ ጀሪካን አይተው «በሽታህ እዚህ ያቆይህ ነበር፤ ቤትህ ግን አያቆይህም» ብለው አንሥተው ወሰዱት። ሰው ብቻ አይመረመርም፣ ቤትም ይመረመራል ይሉ ነበር፤ ቢጠራ የሚሰማ ሰው አለ ወይ፣ ስልክ ይይዛል ወይ፣ ዝናብ ቢመጣ መንገዱ ይቆረጣል ወይ።

ይህን ሁሉ ለዲሪቤ አስተማሯት። ከኮሌጅ ስትመጣ ዓይነ አፋር፣ ድምፅዋ የማይሰማ ነበረች። «ጋሼ፣ ደህና ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ እኮ» ስትላቸው «አንቺ ቆንጆ ስለሆንሽ ነው የተነሣልሽ፤ እስቲ እኔ ልግባና ይነሣ እንደሆነ እንይ» እያሉ ያበሽቋት ነበር። ሾፌራቸው አብዱልመሊክ እንደሚለው፣ በየመንገዱ እየፈተኗት፣ ስትስት ከመኪናው አወርድሻለሁ እያሉ፣ ስታገኘው ሙዝ እየገዙላት አሠለጠኗት። ቤታችን ሲመጡ «ሦስተኛዋ ልጄ» ይሏት ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት ይህን በጆሮው ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። አየሁ፤ ማንም አላወጣም።

አሁን ወደ መራራው ደረስኩ። መኪናዎቹ ሁለት ነበሩ። ሁለተኛዋ ከአምና ክረምት ጀምሮ በድንጋይ ላይ ቆማ መለዋወጫ ዕቃ ትጠብቃለች፤ የዘበኛው ዶሮ እንቁላል ትጥልባታለች። ዕቃውን ማምጣት የነበረበት ቢሮ የትኛው እንደሆነ ስሙን እንዳልጠራ ልጆቹ ለምነውኛል፤ አልጠራም። የአበባ ጉንጉን አስይዞ ሰው ልኳል፣ ራሱን ያውቀዋል። ሟች ስለዚያች መኪና ሲጮኹ ከረሙ። «አንድ መኪና ስትሆን ነርሱ የሚጠይቀው ይሄ ሰው ይቆይ ወይ አይደለም፤ ማን ይሙት ነው» ብለው በስብሰባ ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባ ጎማ አይሆንም።

ጨጓራቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ ወጥተው፣ ያገኙትን ቆመው ቀምሰው፣ ሲቃጠሉ ያችን ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ከጠርሙሱ እየተጎነጩ ኖሩ። ጅማ ሄደው በመሣሪያ እንዲታዩ ተነግሯቸው፣ መኪናዋ ያለ ነርስ ትቀራለች ብለው አሳደሩት። በዚህ ሳምንት ግን ብሶባቸው ፈቃድ ወስደው ቤት ተኙ።

ትናንት ማለዳ ደም አስመለሳቸው። ቦጋለች በሳፋ ተቀበለች፤ አይታ ደነገጠች፤ ራሷ ደውላ «ብሶበታል፣ ድረሱልኝ» ብቻ ብላ አምቡላንስ ጠራች። መኪናዋ ሌላ በሽተኛ አድርሳ እስክትመለስ እየጠበቁ ሳለ ስልካቸው ጠራ። አምቡላንሷን የሚያሰማራው ሰው ነበር። «ጋሼ ዲበኩሉ፣ ኖፓ ተጂቱ የምትባል ሴት በምጥ ተይዛለች፣ የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል ይላሉ፤ እርስዎን ምን ያህል አሞዎታል?» አላቸው። እስቲ ስሙኝ! ይህ ይጠየቃል? ያውም እኒህን ሰው! የመለሱለትን ቦጋለች በጆሮዋ ሰምታለች፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። በሦስት ቋንቋ ትዋሹኛላችሁ ሲሉን የኖሩት ሰው በአንዱ ዋሹ።

ቀጥለው ቦጋለችን «ዲሪቤ እስክትደርስ ከፋርማሲ አንድ መድኃኒት አምጪልኝ፣ ሆስፒታል አይገኝም» ብለው ላኳት። ባለሙያ ናቸውና አመነቻቸው፤ ሮጠች። እሷ እንደወጣች ሳፋውን ራሳቸው አጠቡት፤ ኋላ ስትመለስ ታጥቦ ግድግዳ ተደግፎ አግኝታዋለች። ሸሚዝ ለውጠው፣ አልጋውን ትተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባታቸው በጎን ክፍል ተኝተዋል፤ ጆሯቸው አይሰማም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ሳፋ የምትደፋው ሴት ከቤት ወጥታለች። ሕጋቸውን ያወጡት እሳቸው አይደሉ? የት እንደሚፈርስም ያውቁ ነበር።

ዲሪቤና አብዱልመሊክ ሲገቡ ሟች ብድግ ብለው «ኖር!» አሏቸው። ዲሪቤም እንዳስተማሯት «ጋሼ፣ ይህን አልቆጥርልዎትም» አለች። «ጎበዝ!» አሏት። የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ዝቅ ብሏል። «የኔ ድሮም ዝቅ ያለ ነው፣ ታውቂዋለሽ» አሏት። የልብ ምታቸው ይሮጣል። «በፈተና ስጥልሽ የኖርኩትን ልትበቀይኝ ስትመጪ እንዴት አይሩጥ?» አሏት። «ደም አለ?» አለች። «የለም» አሏት። «ሳፋውን የሚደፋው ማነው?» አለች። «ቦጋለች ናት፣ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች» አሏት። ልጅቷም «እንግዲያው እስክትመጣ እንጠብቃታለን» ብላ ተቀመጠች። ልብ በሉ፣ ዘመዶቼ፤ ተቀምጣ ነበር! እንጠብቃት ብላ ነበር!

ያን ጊዜ ስለ ኖፓዋ ወላድ እንደገና ተደወለ፤ ዲሪቤም ሰማች። ሟች ቆሙና «ዲሪቤ፣ ስሚኝ» አሏት። «እዚህ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ባጃጅ ሞልቷል፣ ጎረቤት አለኝ፣ ቦጋለች አሁን ትደርሳለች። ኖፓ ባጃጅ የለም። የእኔም የተጂቱም ቤት ተመርምሯል፤ የማንኛችን ቤት ያቆያል?» አሏት። እሷም አልቅሳ «ጋሼ፣ እንዳልሳሳት» ብትላቸው፣ «ከተሳሳትሽ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» ብለው እጇን ይዘው አስነሷት። ለእሷ ካሉት ሁሉ ውሸቱ ያ ስለ ደሙ ያሉት «የለም» ብቻ ነበር፤ ሌላው እውነት ነው፤ ለዚህ ነው የበረታባት። መምህሯን፣ አባት የሆኗትን ሰው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ውሸትዎን ነው ትበል? እዚህ ካላችሁት ማን ይል ነበር? እኔ ሻሽቱ እንኳ፣ ምላሴ እንዲህ ሆኖ፣ አልልም።

ከዚያም እንደ ወጉ እስከ በር ሸኟቸው። አብዱልመሊክ መኪናውን አዙሮ ሲወጣ በስፖኪዮ አያቸው፤ በግራ እጃቸው ያንን የአጥር ቋሚ ይዘው፣ በቀኛቸው ያውለበልባሉ። ደህና ቢሆኑ ነው አለ። አሁን ዲሪቤ የያዘችው ቋሚ ነው።

ቦጋለች ስትመለስ እዚያው ከቋሚው ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ብትጠራቸው ቀና አሉ እንጂ ቃል አልመለሱም። እሪታዋን ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ጋሼ ሀምዱ ከሱቃቸው ሮጠው ባጃጅ አስቆሙ፤ በጭናቸው ላይ አስደግፈዋቸው ሄዱ። የሆስፒታሉ በር ሲታይ አረፉ። ሶርን፣ ቡሬን፣ ኖፓን በአምቡላንስ ሲያመላልሱ የኖሩት ሰው በባጃጅ ሄዱ።

ተጂቱ ዳነች። ወንድ ልጅ ወለደች። የልጁ አባት ከኋላ ቆሞ ያለቅሳል፤ አይቼዋለሁ። ልጅህ ይደግልህ፣ ወንድሜ። ልጁን አልጠላም፤ ግን ዛሬ እንኳን ማርያም ማረቻት ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ሌላ ቀን ቡሬ መጥተህ አስብለኝ።

ከትናንት ጀምሮ «ጀግና ናቸው፣ ራሳቸውን ሰጡ» ስትሉ እሰማለሁ። እባካችሁ ጀግና አትበሉብኝ። ሁለተኛዋ መኪና ብትሠራ ኖሮ ጀግና አያስፈልግም ነበር፤ ተጂቱም ትወልድ፣ ዲበኩሉም ተኝተው ይታከሙ ነበር። የሙት ጀግና ከማቅፍ በሕይወት ያለ ጨጓራ በሽተኛ ብነዘንዝ እወድ ነበር። «ጥላቸው ሄደች» የምትሉም፣ ያቺ ልጅ ማንንም አልጣለችም። ተጂቱን ለሐኪሞቹ አስረክባ ስትወጣ «ጋሼን አይቼ ልምጣ» ብላ ነበር ሬሳ መሆናቸውን የሰማችው። ማስቀረት መተው አይደለም ብለው ያስተማሯትን ይዛ ልትመለስላቸው ነበር። የሚወቀስ ካሻችሁ ዶሮዋ እንቁላል የምትጥልበትን መኪና ሂዱና ውቀሱ። እሳቸውንም ውቀሱ፤ እኔ ሌሊቱን ስወቅሳቸው አድሬያለሁ።

አቶ ዲበኩሉ ምንዳዬ በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከኋላቸው ያስቀሩት፣ ልጃቸው ሊቀብራቸው ሲገባ ልጃቸውን የሚቀብሩትን አባታቸውን አቶ ምንዳዬን፤ መድኃኒቱን ጨብጣ የቀረችውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቦጋለችን፤ ልጆቻቸውን ሄርሜላንና መሲን፤ ሦስተኛ ልጃቸውን ዲሪቤን፤ የሥራ ጓዳቸውን አብዱልመሊክን፤ የቡሬ አክስታቸውንም እኔን ነው። ዲሪቤን ከልጆቻቸው ቆጥሬ ስጠራ ሽማግሌዎቹ አልከለከሉኝም፤ እንግዲህ ነገሩ ተቆርጧል ማለት ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ከዘውደነሽ ጋር ዝናብ በማይወርድበት ያሳርፍልን። ትሂድ ወይስ ትቆይ ተብሎ በማይጠየቅበት፣ ማንም ለማንም መኪና በማይለቅበት አገር ያኑርልን። እኛንም ለቤተሰቡ ያበርታን። እናንተም ከእንግዲህ ታማችሁ ነርስ ሲመጣላችሁ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ፣ አትነሡ። ተኝታችሁ ጠብቁ። እውነቱን ተናገሩ።

ዛሬ ግን ጤነኞች ናችሁና ተነሡ። ዲሪቤ፣ ቋሚውን ልቀቂው፤ ግቢ፣ ልጄ። ለቀስተኛ ሁሉ፣ ኖር በሏት። እሳቸው ያን ያህል ደም ከፈሰሳቸው በኋላ እንኳ ተነሥተውላታል።